«ስብሰባው ሚሲዮናዊት ላከ» ይባላል እንዴ?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ዓመታዊ ጉባኤ የተጻፈ ሁለት ገጽ ሰጠኝና «ለሚመጡት ኢትዮጵያውያን እንግዶች ወደ አማርኛ መልስልን» አለኝ። ሁለት ገጽ ምን አላት ብዬ ተቀበልኩ። ይኸው ሳምንት አለፈኝ።

ሰዎቹ ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ራሳቸውን በእንግሊዝኛ «ፍሬንድስ» (ጓደኞች፣ ወዳጆች) ብለው ይጠራሉ። «ኩዌከር» ከሚባለው የቁርስ አጃ ጋር አይዛመዱም። የአጃው ንግድ ምልክት በ1877 ሲመዘገብ በሐቀኝነት የታወቀ ስማቸውን ተውሶ ነው እንጂ ኩባንያው የእነሱ አይደለም። ደግሞ ኩዌከር ሁሉ በዝምታ ተቀምጦ የሚያመልክ አይምሰላችሁ። እነዚህ ወንጌላውያን ናቸው። ፓስተር አላቸው፣ መዝሙር አላቸው፣ ስብከት አላቸው፣ ሚሲዮን ይልካሉ።

የመጀመሪያ ረቂቄ እንዲህ ይላል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ካንተንም እዚሁ ኦሃዮ ያለችው ናት)፦

«ዓመታዊ ስብሰባው በ1813 ተመሠረተ። ቢሮው ካንተን ከተማ ነው። በ1887 ጓደኞች አስቴር በትለርን ወደ ቻይና ላኳት።»

ባለቤቴ አነበበችና «ይሄ ስብሰባ ከ1813 ጀምሮ አልተበተነም?» አለችኝ። ስለ አስቴር ደግሞ «ምን ዓይነት ጓደኞች ናቸው እቴ! ዝም ብሎ ቻይና ይላካል?» እርዱኝ።

ባለማስመሪያ፦
ከጓደኞች እንጀምር። «ጓደኛ» ተሳስተሃል። ስሙ የመጣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ላይ «ወዳጆቼ ናችሁ» ነው የሚለው። ስለዚህ «ወዳጆች» በለው። አለቀ።

ሸገር ልጅ፦
አላለቀም። «ወዳጅ ያዘች» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «የወዳጆች ቤተ ክርስቲያን» የሚል ታፔላ ሰፈራችን ቢሰቀል ስንት ቀልድ ይወጣበታል። «ጓድ» ብትለው ደግሞ ቀጥታ ቀበሌ ስብሰባ ነው። በደርግ ጊዜ።

እትዬ ሰዋስው፦
ልጄ፣ ቃል በጎረቤቱ ነው የሚታወቀው። «ወዳጅ ዘመድ» ሲባል ማን ይስቃል? «ወዳጆች» በብዙ ቁጥር ሲሆን ያ የምትለው ነገር ይጠፋል። ባለማስመሪያ ልክ ነው።

ናይሮቢ ነኝ፦
እዚህ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ያለ ምንም ሐፍረት «ማራፊኪ» ይሏቸዋል፣ ወዳጆች ማለት ነው። ቦሊቪያ ውስጥ ያለችውም ቤተ ክርስቲያን በስፓኒሽ «ሎስ አሚጎስ» ናት። ታይዋኖች ብቻ ሌላ መንገድ ሄዱ። ድምፁን ወስደው «ግዊገ» አሉት። የመረጡት የመጀመሪያው ፊደል «ክቡር» የሚል ትርጉም አለው። ብልጦች ናቸው!

ኬንያ ከዓለም ብዙ ኩዌከር ያለባት አገር መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ የተጀመረው በ1902 ነው። ዊሊስ ሆችኪስ፣ ኤድጋር ሆልና አርተር ቺልሰን የሚባሉ ሦስት ሰዎች መጥተው ምዕራብ ኬንያ፣ ካይሞሲ ላይ ሠፈሩ። የመጡት ደግሞ ከተርጓሚው ግዛት ነው፣ ከኦሃዮ። ዋልተርና ኤማ ማሎን የሚባሉ ባልና ሚስት በ1892 ክሊቭላንድ ላይ የከፈቱት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነበር። የሦስቱም ሥር እዚያ ነው።

ተርጓሚው፦
ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ካንተን ነው ያለው! ወረቀቱ ላይ አለ። በ1957 ነው የተዛወረው።

እሺ፣ ወዳጆች ይሁን። «ኩዌከር»ንስ እተርጉመው? ቃሉ ተንቀጥቃጭ ማለት ነው።

ባለማስመሪያ፦
አትንካው። ስድብ ነበር እኮ። በ1650 እንግሊዝ አገር፣ ደርቢ ከተማ ላይ መሥራቻቸው ጆርጅ ፎክስ ዳኛ ፊት ቀርቦ «በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጡ» ቢላቸው፣ ዳኛው ቤኔት በፌዝ «ተንቀጥቃጮች» አላቸው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። በኋላ ራሳቸውም ለመዱት።

ሸገር ልጅ፦
ልክ እንደ «ጴንጤ»! እሱም ለስድብ ወጥቶ አሁን ባለቤቶቹ በራሳቸው ላይ ይቀልዱበታል።

እትዬ ሰዋስው፦
ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ተርጓሚው፣ ያስቸገረህ አንድ ቃል፣ «ሚቲንግ» (ስብሰባ) የሚለው፣ ለሁለት ነገር መዋሉ ነው። ሰዎቹ የሚሰበሰቡበትን ቀን በዚያ ስም ይጠሩታል። የሚሰበሰበውን አካልም በዚያው ስም ይጠሩታል። አጥቢያው በየወሩ ስለ ጉዳዩ ስለሚመክር «ወርኃዊ» ተባለ። የአጥቢያዎች ስብስብ በሦስት ወር፣ ሁሉም በዓመት። ስሙ ከቀጠሮው ወጣ።

ይሄ ለአማርኛ አዲስ ነው? «ዛሬ ማኅበር አለብኝ» ትላለህ፣ ቀኑን ነው። «የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ» ትላለህ፣ አካሉን ነው። «ማኅበሩ ሲቸግረኝ ደረሰልኝ» ስትል ማንም «ስብሰባ እንዴት ይደርሳል?» አይልህም። እድርም እንደዚያው ነው። እኔ ብሆን «ዓመታዊ ማኅበር» እላለሁ።

የሐዋሳው፦
እትዬ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን ወንጌላዊ አንባቢ «ማኅበር» ሲባል ጠላና ዳቦ ነው የሚሸተው። ጽዋው ይታየዋል። «ጉባኤ» ይሻላል። እኛ ጋ «ጠቅላላ ጉባኤው ወሰነ» ይባላል፣ «ጉባኤው ነገ ይጀመራል»ም ይባላል። ሁለቱንም ይችላል።

እትዬ ሰዋስው፦
ጠላው ምን አደረገህ? ግን ገባኝ። ጉባኤ ይሁን።

ተርጓሚው፦
«ጉባኤ» ገዝቻለሁ። በነገራችን ላይ በ1814 የተሠራውን የስብሰባ ቤታቸውን እዚሁ ኦሃዮ፣ ማውንት ፕሌዘንት ሄጄ አይቼዋለሁ። ሸክላ ጡብ ነው፣ ሁለት ሺህ ሰው ይይዛል ይላሉ። መሀሉን ለሁለት የሚከፍል የእንጨት ግድግዳ አለው። ጣሪያው ሥር ደግሞ ትልቅ መዘውር አለ። መዘውሩ ሲዞር ግድግዳው እንዳለ ይነሳል። ዱሮ ለአምልኮ ሲሆን ከፍ ይል ነበር፣ ለምክክር ሲሆን ይወርድና ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን ይቀመጥ ነበር። ሴቶቹ የራሳቸው ሰብሳቢና የራሳቸው ቃለ ጉባኤ ነበራቸው።

ስለ ስም ደግሞ፣ ከ1971 ጀምሮ «ወንጌላዊት የወዳጆች ቤተ ክርስቲያን፣ ምሥራቃዊ ክልል» ሆነዋል። «ክልል» ብዬ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔም ኩዌከር ሆንኩ።

ሸገር ልጅ፦
😂 «ቀጠና» በለው፣ ጣጣ የለውም።

ተርጓሚው፦
ቀጣዩ ራስ ምታት። ጉባኤውን የሚመራውን ሰው «ክላርክ» ይሉታል። «ጸሐፊ» ብዬ ጻፍኩ። አንባቢ ግን ጥግ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ነው የሚመስለው።

ባለማስመሪያ፦
እንዴት እንደሚሠሩ ካወቅህ ቃሉ ይገባሃል። ድምፅ አይሰጡም፣ እጅ አይቆጥሩም። ሰው ይናገራል፣ ዝም ይባላል፣ ሌላው ይናገራል። ሰብሳቢው ሲያዳምጥ ቆይቶ ጉባኤው የደረሰበትን በጽሑፍ አድርጎ እዚያው ያነብላቸዋል። ከተስማሙ ቃለ ጉባኤ ሆነ። ካልተስማሙ እንደገና። ሥልጣኑ ያለው ብዕሩ ላይ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ «ጸሐፊ»ን አይንቅም።

እትዬ ሰዋስው፦
የማኅበር ሰብሳቢ «ሙሴ» ነው የሚባለው። ትዝ ቢለኝ ነው። በሉ አልናገርም፣ ጠላ ይሸታል።

ተርጓሚው፦
እትዬ፣ ይቅር ይበሉን እንጂ! «መሪ ጸሐፊ» አልኩት። ያ ሰብሳቢው የሚጽፈው ነገርስ? «የጉባኤው ስሜት» ብዬው ነበር፣ ግን ጉባኤው የተከፋ ይመስላል። «በአንድ ድምፅ» እንዳልል ድምፅ የለም።

የሐዋሳው፦
«አዝማሚያ»?

ባለማስመሪያ፦
አዝማሚያ ገና ወዴት እንደሚሄድ ያልለየለት ነው። ይሄ ግን የደረሰ ነገር ነው።

እትዬ ሰዋስው፦
ወተት ታውቃላችሁ? ለእርጎ አስቀምጠህ እየሄድክ ብትነካካው አይረጋም። ትተወዋለህ፣ ሲደርስ ይረጋል። «ጉባኤው የረጋበት ሐሳብ» በለው።

ተርጓሚው፦
ይቺን ወሰድኳት። እጅ ነስቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ቀለል ይላል። አንድ ሰው «ይሄን ሥራ እንድሠራ ውስጤ እየገፋኝ ነው» ብሎ ጉባኤው ፊት የሚያቀርበውን ጉዳይ ምን ልበለው?

የሐዋሳው፦
«ሸክም»። የትኛውም ወንጌላዊ ቤት ግባ፣ «ለሕንድ ሸክም አለኝ» ይሉሃል። «ምሪት»ም አለ፣ ግን ምሪት መንገዱ ነው፣ ሸክሙ ክብደቱ ነው። ሕንድ ያልኩት በምክንያት ነው። ዲሊያ ፊስለርና አስቴር ቤርድ ከዚያው ከኦሃዮ ወዳጆች ወጥተው በ1896 መካከለኛው ሕንድ፣ ቡንደልክንድ ገቡ። ጊዜው የረሃብ ዘመን ነበር። ወላጅ አልባ ሕፃናት ሰብስበው ነው ሥራ የጀመሩት።

ተርጓሚው፦
አገልጋይ ደግሞ አይቀቡም፣ አይሾሙም። «ይመዘግባሉ»። ስጦታውን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ እኛ ማየታችንን ብቻ እንጽፋለን ነው ነገሩ። «የተመዘገበ አገልጋይ» ስል ግን የቀበሌ መታወቂያ የወሰደ ይመስላል።

ባለማስመሪያ፦
«የታወቀለት አገልጋይ» ብትለውስ? «ጸጋው የታወቀለት»።

ሸገር ልጅ፦
አንድ ጥያቄ። እነዚህ ሰዎች ዱሮ ሁሉንም «አንተ» ይሉ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ባለማስመሪያ፦
እውነት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ «አንተ» እና «አንቱ» ነበረው። ለትልቅ ሰው አንቱ፣ ለአገልጋይ አንተ። ኩዌከሮቹ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ለዳኛውም ለመኳንንቱም «አንተ» አሉ። ባርኔጣም አላወለቁም። ተደብድበውበታል፣ ታስረውበታል።

አስቂኙ ነገር የመጣው በኋላ ነው። አሜሪካ ላይ ሰዋስው ተዛነፈና ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ «ዚ» («አንተን» በሚለው ቃል) ጠቀለሉት። በአማርኛ «አንተን መጣህ?» እንደማለት ነው። ወንጌላውያኑ ይሄን አነጋገር ከተዉት ቆይተዋል።

ሸገር ልጅ፦
እኔ ፍርድ ቤት ገብቼ ዳኛውን «ስማ አንተ» ስለው ታየኝ። በነገራችን ላይ እግዚአብሔርን ግን «አንተ» ነው የምንለው። አባታችንን አንቱ፣ የሰማዩን አባት አንተ።

እትዬ ሰዋስው፦
ለቀናትም እንዲሁ አስቸጋሪዎች ነበሩ። የእንግሊዝኛዎቹ የቀን ስሞች ከጣዖታት የመጡ ናቸው ብለው «አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን» ይሉ ነበር። አማርኛ ቢያውቁ ባልደከሙ! እሑድ ከግዕዙ አሐዱ ነው፣ አንድ። ሰኞ ሁለተኛ፣ ማክሰኞ የሰኞ ማግስት፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ሳናውቀው በኩዌከር ቀን ነው የምንኖረው።

ተርጓሚው፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ጉባኤው የሚሰጣቸው ጽሑፍ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከእኛ ነው፣ ሸክሙን አይተናል፣ ተቀበሉት የሚል።

የሐዋሳው፦
ወንድሜ፣ ይሄንንማ ለምን ትጠይቃለህ? መሸኛ ነዋ! ሰው ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲዛወር የሚይዘው። ደግሞ «ላኳት» የሚለውን ተውና «ሸኟት» በል። የተላከ ሰው ብቻውን ይሄዳል። የተሸኘ ግን እስከ በር ሰው አብሮት ይወጣል።

ተርጓሚው፦
ይኸው፦

«ጉባኤው በ1813 ተመሠረተ። ጽሕፈት ቤቱ ካንተን ከተማ ይገኛል። በ1887 ወዳጆች አስቴር በትለርን ወደ ቻይና ሸኟት።»

ለባለቤቴ አነበብኩላት። «አሁን ስንቅም የቋጠሩላት ይመስላል» አለች።