ማርከስ ሲሚየን በሜትስ ማሊያ፦ ቁጥራችሁን አስቀምጡ

ሰባት ቁጥር ባቡር
ሰላም ቤተሰብ። የኒው ዮርኩ ቤዝቦል ክለባችን ሜትስ ለ2026 ፍሎሪዳ ወርዶ ልምምድ ጀምሯል። እኛ ግን ከኖቬምበር ጀምሮ የምንነታረክበትን ነገር እስካሁን አልቋጨንም። እዚሁ እንቋጨው።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ብራንደን ኒሞን ለቴክሳስ ሬንጀርስ ሰጥተን ማርከስ ሲሚየንን ወሰድን። ኒሞ ክለቡ በ2011 መልምሎት እጃችን ላይ ያደገ ልጅ ነው። አምና፣ በ2025፣ 25 ሆምራን (አጥር ያለፈ ምት) መቷል። ሲሚየን ሁለተኛ ቤዝ የሚጫወት፣ ማለትም ሁለተኛዋን ጣቢያ የሚጠብቅ የ35 ዓመት ሰው ነው። አምና 15 ሆምራን፣ የመምታት አማካዩ 0.230 (ከሺህ ሙከራ 230 ያህሉ ተሳክቶለታል ማለት ነው)። ኦገስት ላይ ራሱ የመታው ኳስ ግራ እግሩ ላይ አረፈና በዚያው የውድድር ዘመኑ አለቀ።

ጥያቄዬ፦ በ2026 ምን ያመጣል? ሦስት ቁጥር እፈልጋለሁ። ስንት ጨዋታ፣ ስንት ሆምራን፣ አማካዩ ስንት። ምክንያት የሌለው ቁጥር አልመዘግብም። ኦክቶበር ላይ በጣም የራቀው ሰው ክትፎ ይጋብዛል።

የኔ፦ 115 ጨዋታ፣ 11 ሆምራን፣ 0.221። ምክንያቴ የድሮው ሁለተኛ ቤዝ ሮቤርቶ አሎማር ነው። በ2001 ክሊቭላንድ እያለ 0.336 መታ፣ 20 ሆምራን፣ 100 ነጥብ አስገባ። እኛ ጋ መጣ። 0.266 እና 11 ሆምራን። በ2003 ዘመኑ ሳያልቅ ሸኘነው። ከዚያ ሮቢንሰን ካኖ መጣ፣ በ36 ዓመቱ። 0.256 እና 13 ሆምራን። 2021ን ሙሉ ደግሞ በተከለከለ መድኃኒት ታግዶ ቤቱ ተቀመጠ። ይሄ ክለብ ዕድሜው የገፋ ሁለተኛ ቤዝ ሲያመጣ ሆዴ ይረበሻል።

የጋርላንዱ
ልጄ፣ አሎማርንና ካኖን ለምን ታመጣብናለህ? ሰውየውን አራት ዓመት ያየሁት እኔ ነኝ። እዚህ ዳላስ አካባቢ ማታ ማታ ታክሲ እየነዳሁ በሬዲዮ የማልሰማው ጨዋታ የለም።

በ2022 በ175 ሚሊዮን ዶላር ውል መጣ። ኤፕሪል አለቀ፣ ሆምራን የለም። ሜይ ሊያልቅ ሆነ፣ አሁንም የለም። እኔም ተሳድቤያለሁ፣ አልዋሽም። የመጀመሪያውን የመታው ሜይ 28 ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ስንት ነበረው? 26። በዓመቱ 162ቱንም ጨዋታ ተጫወተ፣ 29 ሆምራን፣ 100 ነጥብ። ሬንጀርስ በታሪኩ አንዴም አግኝቶት የማያውቀውን ዋንጫ ስናነሳ፣ አሪዞና ላይ በዘጠነኛው፣ በመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር) ኳሷን አሻግሮ በሩን የዘጋው እሱ ነው።

ሰውየው ከሥራ አይቀርም። በ2019፣ በ2021፣ በ2023 አንድም ጨዋታ አላመለጠውም። የዛሬ ልጆች ጣታቸውን ሲያማቸው አሥር ቀን ያርፋሉ። የኔን ጻፍ፦ 150፣ 20፣ 0.245።

ዳታ ብቻ
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ 2023 ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ያለውን ልደርድር። ሆምራን 29፣ ከዚያ 23፣ ከዚያ 15። አማካይ 0.276፣ 0.237፣ 0.230። ይሄ መስመር ወዴት ነው የሚሄደው?

ያቺ ዋንጫ የዘጋች ምት እውነት ናት። ግን በዚያው ኦክቶበር እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ድረስ ሲሰቃይ ነበር። አንድም ሆምራን አልነበረውም። ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው።

በ2021 ቶሮንቶ እያለ የመታውን 45 ሆምራን ደግሞ ከአሁኑ እንዳታነሱብኝ። ለሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ክብረ ወሰን ነው፣ አልክድም። ግን ያኔ በኮቪድ ምክንያት የቶሮንቶው ክለብ ብሉ ጄይስ ዘመኑን የጀመሩት ዳኒደንና ቡፋሎ ባሉ ትንንሽ ሜዳዎች ነው። ሲሚየን ኳሱን ወደ ግራ ጎትቶ ከፍ አድርጎ የሚመታ ሰው ነው። እጁ ፈጣን ሲሆን ኳሷ አጥር ታልፋለች። ትንሽ ሲዘገይ ያቺው ምት አጥሩ ሥር ተይዛ ትቀራለች። ሌላ ምሥጢር የለውም።

128፣ 14፣ 0.228። በነገራችን ላይ ባቡሩ፣ ካኖ በ2020 አጭሩ ዘመን 0.316 መቷል። ያንን ዘለልከው።

ሰባት ቁጥር ባቡር
60 ጨዋታ ዘመን ነው እንዴ? ቀጣይ።

ኳስ ማለት እግር ኳስ
በ35 ዓመቱ ተጫዋች የሚቀይር ክለብ አለ? እኛ ጋ በዚህ ዕድሜ ተንታኝ ሆኖ ቴሌቪዥን ላይ ይቀመጣል። ደግሞስ 162 ጨዋታ የምትሉት በስንት ዓመት ነው?

የቴሌግራፍ ልጅ
በስድስት ወር ነው ወንድሜ። በየቀኑ ማለት ይቻላል። ለዛ ነው ጋሼ አለመቅረቱን እንደ ገድል የሚቆጥሩለት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁላችሁም ስለ ዱላው ታወራላችሁ። እኔ የኦክላንድ ልጅ ነኝ፣ ሲሚየንን ገና ለጋ ሆኖ እኛ ጋ ሲጫወት ነው የማውቀው። በ2015 ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል) ላይ ቆሞ 35 ስህተት ሠራ። ሠላሳ አምስት! ኳስ ወደ እሱ ስትሄድ ዓይናችንን እንጨፍን ነበር። ሮን ዋሽንግተን በአሰልጣኝነት መጣና በየቀኑ ከጨዋታ በፊት አንበርክኮ ኳስ ያስለቅመው ጀመር። ሌላው ተጫዋች ሳይደርስ እነሱ ሜዳ ላይ ነበሩ። ያ ልጅ አምና፣ እግሩ ተጎድቶ እንኳን፣ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የጎልድ ግላቭ ሽልማት ወሰደ። ሁለተኛው ነው።

የሜትስ የቤዝቦል ኃላፊ ዴቪድ ስተርንስ ያመጣው ለዚህ ነው። ሰውየው ክረምቱን ሙሉ የሚያወራው ነጥብ ስለማስገባት ሳይሆን ስለ መከልከል ነበር። ውስጠኛውን መስመር፣ በቤዞቹ ዙሪያ የሚቆሙትን አራቱን፣ እዩት። ሦስተኛ ቤዝ ቦ ቢሸት፣ ዕድሜ ልኩን ሾርትስቶፕ የነበረ። አንደኛ ቤዝ ሆርሄ ፖላንኮ፣ ለቦታው እንግዳ። ከአራቱ ሁለቱ በማያውቁት ቦታ ነው የሚቆሙት። ኳስ ወርዋሪው (ፒቸሩ) ክሌይ ሆምስ ደግሞ ሲንከሩን፣ ወደ ታች የምትጠልቀውን ኳስ፣ ሲወረውር ኳሱ መሬት ለመሬት ነው የሚሮጠው። ሾርትስቶፓችሁ ሊንዶርና ሲሚየን መሃሉን ካልዘጉት ማን ይዘጋዋል?

የሚገርመው ደግሞ፣ በ2021 ሲሚየን ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ ቤዝ የዞረው ለዚሁ ለቢሸት ቦታ ለቆ ነው። አሁን ቢሸት በተራው ለሊንዶር ለቀቀ።

145፣ 16፣ 0.238። ሦስተኛ ጎልድ ግላቭም ጨምርበት።

ሰባት ቁጥር ባቡር
ጓንት ነጥብ አያስገባም። ፒት አሎንሶ ባልቲሞር ገባ። የክለቡ የምንጊዜም የሆምራን ንጉሥ ነው የሄደው። ኒሞም ሄደ። አምና ጁን አጋማሽ ላይ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበርን፣ 45 አሸንፈን 24 ተሸንፈን። 83 አሸንፈን 79 ተሸንፈን ጨረስን። ከሲንሲናቲ ጋር እኩል ሆነን፣ የመጨረሻውን ቀን ማያሚ ላይ ተሸንፈን ከዋንጫው ዙር ውጪ ቀረን። ያን ቀን አንድም ነጥብ አላስገባንም። ጓንት ነበር የጎደለን?

የቴሌግራፍ ልጅ
አዎ ነበር። በበጋው ስንቱን ጨዋታ በተለቀቀ ኳስ እንደሰጣችሁ ረሳኸው? አንዷን ብትይዙ ማያሚ ላይ ባላለቀሳችሁ።

የአሌክሳንድሪያ እናት
እኔ ዘንድሮ ነው ቤዝቦል በደንብ የገባኝ። ልጄ ሁለተኛ ቤዝ ስለሚጫወት ቅዳሜ ጠዋቴ ሜዳ ላይ ነው የሚያልቀው። የምሠራው ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልበል፣ እናንተ ስለ ዕድሜው ስትጨቃጨቁ እግሩን ረሳችሁት።

ጉዳቱ ግራ እግሩ ላይ ነው። አጥንት ብቻ አይደለም፣ የመሃል እግርን አጥንቶች አጣምሮ የሚይዘው ጅማትም ተጎድቷል። ሊስፍራንክ ይሉታል። ተንኮለኛ ቦታ ናት። በእግር ሲሄዱ ደህና ትመስላለች። ገፍተው ሲነሱ፣ ሲጠመዘዙ ነው የምትናገረው።

አሁን ሲሚየን ምን እንደሚሠራ አስቡ። ቀኝ መቺ ነው፣ ስለዚህ ሲመታ የፊት እግሩ ግራው ነው። ያን ሁሉ ኃይል የሚቀበለው፣ ሰውነቱን የሚያቆመው እሱ ነው። ደብል ፕሌይ (በአንዴ ሁለት ሰው የሚወጣበትን) ሲያዞር ደግሞ ከሊንዶር ተቀብሎ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር የሚረግጠው በግራው ነው። ሯጩ እየተንሸራተተ የሚመጣው ወደዚያው እግር ነው። ያቺ እግር ደህና ከሆነች ጋሼ ልክ ናቸው። ካልሆነች ዱላውም ጓንቱም አብረው ይወርዳሉ። መሃል ላይ የሚቆም ነገር ብዙም አይታየኝም።

ቁጥር ካላችሁኝ፦ 132፣ 17፣ 0.240።

የጋርላንዱ
እህቴ፣ ተባረኪ። እዚህ ቤት የመጀመሪያው ረብ ያለው ነገር ይሄ ነው። ይህን ያህል ወራት አርፏል፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ከእግሩ ይልቅ የምፈራለት ኤፕሪልን ነው።

ይሄ ሰው ሲጀምር ቀርፋፋ ነው። 2022ን ነገርኳችሁ። አምናም ሜይ እስኪያልቅ ድረስ ወገቤን ቆርጦኛል፣ ጁን ሲገባ ተነሳ። እዚህ አርሊንግተን፣ የሬንጀርስ ሜዳ ላይ፣ ሰው ታገሠው። ጣሪያ ያለው ሜዳ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ ናቾውን ይበላል። ኒው ዮርክ ግን ይታገሣል? ሊንዶርን በ2021 ምን አደረጋችሁት? 0.230 መታ ብላችሁ በሜዳው ጮኻችሁበት፣ ተጫዋቾቹም አውራ ጣታቸውን ቁልቁል አዙረው መለሱላችሁ። አሁን ያ ልጅ ዘውዳችሁ ነው።

ሰባት ቁጥር ባቡር
ጋሼ፣ እውነት ነው፣ እንጮሃለን። ግን ሊንዶር ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ለ27 ዓመት ልጅ መታገሥ ኢንቨስትመንት ነው። ለ35 ዓመት ሰው ስትታገሥ ምኑን ነው የምትጠብቀው? አሰልጣኙ ካርሎስ ሜንዶዛ ቢታገሥ እንኳ፣ ወጣቱ ብሬት ቤቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያየው ሕዝቡ ዝም አይልም።

ዳታ ብቻ
እኔ ቁጥሬ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ንግዱን፣ ማለቴ የኒሞና የሲሚየንን ልውውጥ፣ እደግፋለሁ። እንዳትደነግጡ። ኒሞ ውሉ እስከ 2030 ነው። ሲሚየን እስከ 2028። ኒሞም ማርች ላይ 33 ይሞላዋል፣ የግራ ሜዳ ሩጫውም እንደ ድሮው አይደለም። ሁለቱም ያረጃሉ። አንዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከደብተርህ ይወጣል። የኳስ ክለብ አካውንታንት ብሆን እኔም እፈርም ነበር።

የጋርላንዱ
እኔ ደግሞ ሲሚየንን እየወደድኩት ንግዱን ያሸነፍነው እኛ ነን እላለሁ። ሬንጀርስ ቤዝ ላይ የሚደርስ ሰው ነበር ያጣው። ኒሞ ዕድሜ ልኩን በትዕግሥት ኳስ መርጦ ቤዝ የሚደርስ ሰው ነው። ሁለቱም ክለብ የጎደለውን ወሰደ ብትሉኝም አልከራከርም። ግን አምስት ዓመት ከኒሞ ጋር ስጡኝ፣ እወስዳለሁ።

ሰባት ቁጥር ባቡር
አያችሁ! ሰውየውን የሚያውቁት ራሳቸው በመሄዱ ደስ ብሏቸዋል።

የጋርላንዱ
እኔ እንደዚያ አላልኩም። ቃሌን አታጣም።

ኳስ ማለት እግር ኳስ
እሺ እኔም ልግባ። 100፣ 10፣ 0.200። ምክንያት፦ 35።

ሰባት ቁጥር ባቡር
አልተመዘገበም። ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም ብዬ ነበር ልበል? አላልኩም። ተመዘገበ።

ዳታ ብቻ
አንድ ነገር ሳንነካው ልናልፍ ነው። በመቺዎቹ ተራ ስንተኛ ሆኖ ነው የሚመታው? ቴክሳስ እያለ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ መቺ ነበር። በ2023 753 ጊዜ ዱላ ይዞ ቆሟል፣ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበር። ሜትስ ውስጥ ሊንዶርና ሁዋን ሶቶ ከላይ እያሉ ማን ወደዚያ ያስጠጋዋል? ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ነው የሚሆነው። ከመጀመሪያ ወደ ሰባተኛ መውረድ በሙሉ ዘመን ወደ 100 ገደማ የመምታት ዕድል ይቀንሳል። ሆምራንም አብሮ ይቀንሳል። የጋሼ 20 በዚህ ብቻ ወደ 17 ይወርዳል።

የቴሌግራፍ ልጅ
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ወደታች መውረዱ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። የመጀመሪያ መቺ ሆኖ የገባበት ኤፕሪል ሁሉ ሸክም ነበር። ሰባተኛ ላይ የሚያየው ሰው ያንሳል፣ የሚጮህበትም ያንሳል።

የአሌክሳንድሪያ እናት
እግሩም ትንሽ ያርፋል።

ዳታ ብቻ
ጋሼ፣ 17 ልበልልዎ?

የጋርላንዱ
20 ብያለሁ። ሰባተኛም አድርጉት፣ ዘጠነኛም አድርጉት። ባቡሩ፣ ከፈለግህ ሌላ ውርርድ ጨምር፦ ኤፕሪል ላይ ከሦስት ሆምራን አይበልጥም፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ቢያንስ ስድስት። ይህንንም ጻፍልኝ፣ ሰዓቱንም አብረህ።