ክርክር፦ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ከባድ ቃላት ለተማሪ ይቀየሩ?

አወያይ፦ አንድ አባላችን የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ለተማሪዎች ሲታተም ጠንካራ ቃላቱ በቀላል አማርኛ ይተኩ ብሏል። እስቲ ተከራከሩ፤ ስድብ የለም።

የአሥረኛ ክፍል አባት፦ ሐሳቡ የኔ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው። ልጄ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዘጋችውና ስልኳን አነሣች። ይነበብ ነው ያልኩት፣ ሌላ ምን አልኩ?

የአማርኛ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ሰሞኑን ክፍል ውስጥ «ጭሰኛ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ እጁን አውጥቶ «ሲጋራ የሚያጨስ» አለ። ሳቅን። ከዚያ «ጭስ ከየት ይወጣል?» አልኳቸው። ከምድጃ፣ ከጎጆ እያሉ መጡ። «ጎጆው የቆመው በማን መሬት ላይ ነው?» ስል ዝም አሉ፤ ከኋላ አንዲት ልጅ «በፊታውራሪ መሸሻ!» አለች። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬዎቹ በባለመሬቱ በፊታውራሪ ላይ ለምን እንደተነሡ ያን ጊዜ ገባቸው። «ተከራይ» ብላችሁ ብትተኩት ይሄ ሁሉ የለም። በ1958 ደግሞ ቃሉ ለማንም አልከበደም፤ ጭሰኛው እዚያው በባለመሬት መሬት ላይ እያረሰ ነበራ! ጭሰኝነት የተሻረው በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ነው።

የደጀን ልጅ፦ እኔስ መተካቱ ቀርቶ የግርጌ የቃላት መፍቻም አልፈልግም። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ግን ታለቅስ ነበር። መፍቻ ገባ ማለት ፈተናው «አዛምድ» ሆነ ማለት ነው። እኔ ሠላሳ ቃል ሸምድጄ ፈተናውን ደፈንኩት፤ የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ ማን እንደሆነ ግን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ አያትህ እኮ ቋንቋው ውስጥ ነው ያደጉት፣ ወንድም ዓለም። የኔ ልጆች «ዋና» የሚለውን ሲያነቡ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን «ዋናው መንገድ» የምንለው አይለዩም። ሐዲስ ራሳቸው ለዚህ ብለው በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። አንባቢን መርዳት ነውር ቢሆን እሳቸው ያደርጉት ነበር?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እህቴ፣ ነጥብ ጨመሩ እንጂ ቃል አልቀነሱም። «ፊታውራሪ»ን እስቲ ለሁለት ክፈሉት፦ ፊት አውራሪ፣ ጦሩን ቀድሞ የሚዘምት። ያን ማዕረግ የያዙት ሰውዬ በገዛ ገበሬዎቻቸው ሲማረኩ ፌዙ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። «ሹም» ብትሉት ማን ይስቃል? ጉባኤ ቃና የሚባለውን የቅኔ ዓይነትም «ሁለት ስንኝ» ብሎ ማለፍ ያው ነው። ለጨነቀው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አለ።

የአሥረኛ ክፍል አባት፦ ያ መዝገበ ቃላት ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ቁልፉን የያዘው ሰውዬ የለም። መተካቱን ግን ትቼዋለሁ፣ አሸንፋችሁኛል። መፍቻው ከመጽሐፉ መጨረሻ ይግባ፤ ከዚህ አልወርድም።

የደጀን ልጅ፦ ፈተና ላይ እንዳይመጣ ፈርሙልኝና እስማማለሁ።

የአሥረኛ ክፍል አባት፦ መምህርት፣ ልጄን አሁን ጠየቅኋት። «ጭሰኛ ጭስ ቤት የሚሠራ ነው፣ ወጥ ቤት» አለችኝ። ቀጥሎ ምን ብዬ ልጠይቃት?