«ሁለት ሰዓት ይበቃል» ለማን?

ሃንጋር ሌሊት፦ የሥልጠና ክፍሉን ማስታወቂያ አያችሁት? «ከጽዳት እስከ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኞቻችን መቶ በመቶ የሴፍቲ ማኔጅመንት ሲስተም (የበረራ ደኅንነት አያያዝ ሥርዓት) ሥልጠና ወስደዋል።» እንኳን ደስ ያላችሁ! ሥልጠና የተባለው የሲስተሙን አራት ምሰሶዎችና በሥራቸው ያሉትን 12 ኤለመንቶች በስላይድ ማሳለፍ፣ ከዚያ 20 የምርጫ ጥያቄ፣ ከወደቅክ ወዲያው መድገም ነው። ሻንጣ የሚጭነው ልጅ አራቱን ምሰሶዎች በቃሉ ይወጣል። የሎደሩ (የመጫኛ ማሽኑ) ፍሬን ሲላላ ግን በየትኛው ቅጽ ጽፎ ለማን እንደሚሰጥ የነገረው የለም።

ስላይድ አቅራቢ፦ ወዳጄ፣ ማላገጥ ቀላል ነው። ሥልጠናው ባይሰጥ ደግሞ «ማን ነገረን» ትሉ ነበር። ሃዛርድን (የአደጋውን ምንጭ) ከሪስክ (ከሚያደርሰው ጉዳት ዕድልና ክብደት) የማይለይ ሰው የጻፈው ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። መስክ ላይ ላለ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ የቀረውን ሥራው ራሱ ያስተምረዋል።

ማማ፦ «ሁለት ሰዓት ይበቃል» የሚለው ከየት መጣ? የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሴፍቲ ደንብ፣ አኔክስ 19፣ ሰዓት አይቆጥርም። የደንቡ አባሪ 2 የሚጠይቀው ሠራተኛው በሲስተሙ ውስጥ ያለበትን ሥራ ለመሥራት ብቁ እንዲሆንና የሥልጠናው ስፋት በድርሻው ልክ እንዲሆን ነው። ለጫኝም፣ ለፕላኒንግ ኃላፊም፣ ለዋናው ሥራ አስኪያጅም አንድ ዓይነት ስላይድ ማሳየት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ስላይድ አቅራቢ፦ ኦዲተር ሲመጣ የፊርማ ዝርዝር እንጂ ብቃት አይጠይቅም። እውነቱን እንነጋገር።

የኦዲት ዓይን፦ የፊርማ ዝርዝር ብቻ አይቶ የሚሄድ ኦዲተር አለ፣ አልክድም። በደንብ የሚሠራው ግን ራምፕ (አውሮፕላን ቆሞ የሚጫንበት ሜዳ) ላይ ወርዶ «መጨረሻ የጻፍከው ሪፖርት ምን ተደረገ?» ይላል። ሠራተኛው ካላወቀ ሴፍቲ ቢሮ ሄዶ ያንኑ ሪፖርት ያስወጣል፤ የተቀበሉበትን ቀን፣ የተመደበለትን ሰው፣ የተወሰደውን እርምጃ፣ መልስ ለጸሐፊው የደረሰበትን ቀን ያያል። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚገኘው የመጨረሻው ነው። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይጽፍም፣ ከዚያ «ሪፖርት ቀነሰ፣ ተሻሽለናል» ይባላል!

ሃንጋር ሌሊት፦ ሥራው ያስተምረዋል ለተባለው፣ ሥራው ምን እንደሚያስተምር ልንገርህ። የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390፣ እ.ኤ.አ. 1990። የአውሮፕላኑ የፊት መስታወት በ90 ብሎን ይታሰራል። ሌሊት ከተገጠሙት ውስጥ 84ቱ ቀጭን ነበሩ፣ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች። ቀሪዎቹ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ አጫጭር ናቸው። የሺፍት ኃላፊው ካታሎግ አላየም፤ የወጣውን አሮጌ ብሎን ይዞ መደርደሪያ ላይ ካሉት ጋር በዓይን አመሳሰለ። የወጡትም ራሳቸው አብዛኞቹ ከትክክለኛው ያጠሩ ነበሩ፤ ለዓመታት ይዘው ስለቆዩ ማንም ነገሬ አላለም። ያ ነው ሥራው ያስተማረው። መስታወቱ 17,300 ጫማ ላይ ተነቅሎ ካፒቴኑ ግማሽ አካሉ ውጭ ቀረ፤ በሕይወት መትረፉ ተአምር ነው።

ስላይድ አቅራቢ፦ ይሄማ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ካታሎግ አላይም ያለን ሰው የትኛው ሥልጠና ያድነዋል?

ሃንጋር ሌሊት፦ አየህ፣ አሠልጣኙ «ዲሲፕሊን» ካለ ሠልጣኙ ምን ሊል ነው? ሥራው ድርብ ፍተሻ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ አልተመደበም፣ ከገጠማ በኋላ የግፊት ሙከራም አልተጠየቀም። ይህን የወሰነው ብሎን ያሰረው ሰው አይደለም። የሰው ስህተት ተመራማሪው ጄምስ ሪዝን በሰፊው ያስተዋወቀውን የመተካት ጥያቄ ታውቀዋለህ፦ ያው ሙያ ያለው ሌላ ሰው፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው የሰው እጥረት፣ ተመሳሳዩን ያደርግ ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየውን ብትቀጣ ቀዳዳው እዚያው ነው።

ማማ፦ መካኒኮች ሁሌ የብሎን ታሪክ ታመጣላችሁ። ጀርመን ኡበርሊንገን ላይ ሁለት አውሮፕላኖች በአየር ላይ የተጋጩበትን (2002፣ 71 ሰው ሞተ) ሪፖርት አንብቡ። ሌሊት አንድ ተቆጣጣሪ ሁለት የሥራ ቦታ ይዞ፣ ጓደኛው ሊያርፍ ወጥቶ፣ ዋናው ስልክ ለጥገና ተዘግቶ፣ የግጭት ማስጠንቀቂያው በከፊል ጠፍቶ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን መቆየቱን አመራሩ ለዓመታት ዝም ብሎ አልፎታል። ጥገናው በጽሑፍ ተነግሯል፤ ተቆጣጣሪው ምን ምን እንደሚያጣ ግን አልተብራራም። ሁለት ሰዓት ሥልጠና ለዚያ ተቆጣጣሪ ነው ወይስ ጥገናውን ለዚያ ሌሊት ለፈቀደው?

ሃንጋር ሌሊት፦ ብሎኑን ያመጣነው የእናንተ ማማ ስለማይበር ነው።

ጥቁር ሳጥን፦ ተረጋጉ። ሁለታችሁም የምትሉት የለውጥ አያያዝን (አሠራር ሲቀየር የሚያመጣውን አደጋ አስቀድሞ መመዘንን) ነው፤ ከ12ቱ በጣም ተሯሩጠው የሚያልፉት ስላይድ። የአላስካ አየር መንገድ በረራ 261ን ሰዓታት ጻፉና አስተምሩበት። የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ጃክስክሩ (ረጅሙ ብሎን) ግራሶ የሚቀባበት ጊዜ በ1985 በየ700 የበረራ ሰዓት ነበር። ከዚያ 1,000፣ 1,200፣ 1,600፤ በ1996 በየ8 ወሩ ሆነ፣ ወደ 2,550 ሰዓት ግድም ማለት ነው። ጃክስክሩ የሚዞርበትን ዳዶ መበላት የሚለካው ፍተሻም አብሮ ተራዘመ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ተቀብሎታል። በ2000 የዳዶው ጥርስ ተበልቶ አለቀ፣ አውሮፕላኑ ወደቀ፣ 88 ሰው ሞተ። ግራሶ ቀቢው ሴፍቲ ቢማር ባይማር፣ ወረቀቱ «8 ወር» ነው የሚለው።

ስላይድ አቅራቢ፦ ጥሩ፣ አለቆችም ይሠልጥኑ፤ ማን ተቃወመ? ግን ለመስክ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ይበቃል ነው ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ።

የኦዲት ዓይን፦ ሁለት ሰዓቱ ውስጥ ምን እንዳለ ንገረን እንጂ። በመጀመሪያው ሰዓት የጸሐፊው ስም የተሰረዘባቸው ሦስት የራሳቸው ክፍል ሪፖርቶች ካዩ፣ በሁለተኛው ደግሞ ቅጹን በእጅ ከሞሉ፣ ይበቃል፣ እኔም እፈርማለሁ። አኔክስ 19 የወጣበትን ዓመት ማስጠናት ከሆነ ሁለት ደቂቃም ይበዛል። ለመካከለኛ ኃላፊዎች ሁለት ቀን፦ የለውጥ ግምገማ ከላይ እንደተባለው በእውነተኛ ቁጥር፣ ከዚያ የሴፍቲ አመልካቾች ሥራ። የክስተቶቹን ቁጥር ለየ1,000 በረራ አስልተህ፣ አማካዩንና መደበኛ ልዩነቱን አውጥተህ፣ አንድ ነጥብ ከአማካዩ በሦስት መደበኛ ልዩነት በላይ፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ከሁለት በላይ፣ ወይም ሦስት ተከታታይ ከአንድ በላይ ሲወጣ ማንቂያው ይጮኻል። ይህን ወረቀት ላይ ያልሠራ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ግራፍ ሲያይ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ ያልፋል።

አምስት በአምስት፦ ድግግሞሽን ከ1 እስከ 5፣ የጉዳት ክብደትን ከኤ (ከባዱ) እስከ ኢ (ቀላሉ) የሚመዝነውን የሪስክ ሰንጠረዥ ረሳችሁት። ሠልጣኝ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው፦ ሃዛርድ ሲባል «ከማኮብኮቢያ መውጣት» ብለው ይጽፋሉ። እሱ ውጤት ነው። ሃዛርዱ ማኮብኮቢያውን የሚያቋርጠው የ15 ኖት ነፋስ ነው። ውጤቱን ሃዛርድ ካደረግከው መፍትሔህ «አብራሪው ይጠንቀቅ» ከማለት አይዘልም።

ስላይድ አቅራቢ፦ ይኸው! የጋራ ቋንቋ ያልኩት ይሄንን ነው። አመሰግናለሁ።

አምስት በአምስት፦ አታመስግነኝ፣ ቋንቋ ብቻውን ምንም አይደለም። አንድ ሪፖርት ለሦስት ቡድን ስጥ፦ «ሎደሩ የጭነት በሩን ጠርዝ ነክቶ ቀለም ላጠ።» አንዱ 3ኢ ይላል፣ ተቀባይነት ያለው። ሌላው 3ዲ። ሦስተኛው አካሉ ኮምፖዚት (ብረት ያልሆነ፣ በፋይበር የተሠራ) ከሆነ ጉዳቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ላይ ላዩን አይታይም ብሎ 3ቢ። ሦስቱም ያንኑ ስላይድ አይተዋል።

ማማ፦ ቀለም ብቻ ከሆነ 3ኢ ነው እንጂ! ሁሉን ነገር ቀይ ካደረግን ቀዩን ማን ያየዋል?

ሃንጋር ሌሊት፦ ቀለም ብቻ መሆኑን በምን አወቅክ፣ ከማማ ላይ ሆነህ? ኮምፖዚት በዓይን አይታለፍም፤ የአምራቹ የጥገና መመሪያ የሚያዘው ምርመራ ሳይደረግ ወደ በረራ አይለቀቅም። በዚያ ላይ ድግግሞሹን ተመልከት፤ ሎደር በር የሚነካው ስንቴ እንደሆነ ራምፕ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ሪፖርት የተደረገውን ቆጥረህ 3 አትበል።

ማማ፦ ያልተጻፈን ሪፖርት ቆጥሬ 5 ልበል? በአሉባልታ ሰንጠረዥ ይሞላል?

አምስት በአምስት፦ በአሉባልታ አይሞላም። የበሩን ጠርዞች በፕሮግራም ፈትሸህ ጭረቱን ቁጠር፣ ከሪፖርቶቹ ጋር አነጻጽር፤ ልዩነቱ ያልተጻፈው ነው። እስከዚያው እኔ 3ቢ ላይ ነኝ።

ማማ፦ እኔ 3ኢ።