ጀማሪን 10 ቀን በዝምታ ማስቀመጥ፦ ይገባል ወይስ አይገባም?

አወያይ፦
የዛሬው ክርክር ቡድሂስቶች አናፓናሳቲ ስለሚሉት የትንፋሽ ተመስጦ ነው። በርማ ተወልዶ በ1969 ሕንድ ውስጥ ማስተማር የጀመረው የተመስጦ መምህሩ የጎኤንካ ማዕከላት፣ ከዚህ በፊት ለተመስጦ ተቀምጦ የማያውቅን ሰው በቀጥታ የ10 ቀን የዝምታ ኮርስ ያስገባሉ። ይህ ይቀጥል ወይስ ማዕከላቱ አስቀድሞ ልምምድ ይጠይቁ? ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ፣ ሰዓቱን እንደ እኛ ቁጠሩ። ስድብ አይፈቀድም።

ሰብለ ወ.፦
አስቀድሞ ልምምድ ይጠየቅ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ውሎውን እንየው። ደወሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ከ10፡30 ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ያለው የመቀመጫ ጊዜ ሲደመር 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል። ምሳ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ለአዲስ ገቢ 11 ሰዓት ላይ ሻይና ፍራፍሬ ብቻ። ለመጀመሪያው ሦስት ቀን ተኩል ሥራው አንድ ነው፦ ከአፍንጫ ቀዳዳ በታች፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ትንፋሽን ማስተዋል። በአራተኛው ቀን አካልን ከራስ እስከ እግር ወደ መቃኘት ይሸጋገራሉ፤ በቀን ሦስት ጊዜም ለአንድ አንድ ሰዓት እጅና እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ዓይን ሳይገልጡ መቀመጥ ይጨመራል። ጉልበቱም ነርቩም ያልለመደን ሰው በዚህ ማሳለፍ ማስተማር ሳይሆን መፈተን ነው። ሁለት ወር ጠዋትና ማታ 20፣ 20 ደቂቃ ቤቱ ይቀመጥና ይምጣ።

ኪዳኔ፦
ሰብሊ፣ ያ 20 ደቂቃ የት እንደሚገባ እናውቃለን እኮ። 15ቱ የቤት ኪራይ ሲታሰብ ያልቃል፣ አምስቱ ሰዓት ሲታይ። ሐሳብ የሚረጋው በተከታታይ ሲያዝ ነው። ዝምታው፣ የስልኩና የመጽሐፉ ክልከላ ለቅጣት የመጣ አይደለም፤ አዲስ ወሬ ካልገባ የሚመነዠከው እያለቀ ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን በፊት ብዙ ጊዜ አይታይም። ሌላም አለ። ኮርሱ ክፍያ የለውም፤ ምግብና አልጋ ሳይቀር ከዚህ ቀደም የጨረሱ ሰዎች በሚሰጡት ገንዘብ ይሸፈናል። ቅድመ ልምምድ ግዴታ ከሆነ በሩ የሚከፈተው ከተማው ውስጥ አስተማሪ ላለው ብቻ ነው። ለማጣራት ከሆነ፣ የማመልከቻው ቅጽ የአእምሮ ሕመምና መድኃኒት ይጠይቃል።

ጋሽ በፍቃዱ፦
ኪዳኔ፣ ቅጹ የሚያጣራው የሞላው ሰው እውነቱን ከጻፈ ነው። ይሁንና ስለ ሰዓት ብዛት ብቻ እየተነታረክን ዋናውን እንዳንስተው፣ የሚበላሸው ምንድን ነው የሚለውን እንለይ።

ከሁሉ የሚበዛው ትንፋሽን መንዳት ነው። ካልነካነው ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ልናስተውለው ስንነሳ ግን ሳናውቀው እጃችንን እናስገባበታለን። ሰውየው “በደንብ እንዲሰማኝ” ብሎ በረጅሙ ይስባል። ከልክ በላይ ሲተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፤ ጣቱንና ከንፈሩን ዙሪያ ይነዝረዋል፣ ራሱን ቅልል ይለዋል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል። ይህን መንፈሳዊ ኃይል የሚሉት አሉ፤ ኧረ ተዉ። የሚገባውን ትቶ የሚወጣውን ብቻ እስከ መጨረሻው መከተል፣ ቀጣዩ በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ይረዳል። ካልበረደ ትንፋሹን ለጥቂት ደቂቃ ጨርሶ ትቶ መቀመጫው ወለሉን የነካበትን ማስተዋል።

ቅንድብ መካከል የሚመጣው ግፊትና ራስ ምታት ደግሞ ከዓይን ነው። ሽፋሽፍቱ ቢከደንም ዓይኑ አፍንጫውን ለማየት ወደ መሃል ይሳባል። ዓይንን ከሩቅ ወለል ላይ እንደ መጣል አድርጎ ማላላት ነው። ይህም ካልሆነ ትኩረቱን ወደ ሆድ ማውረድ፣ ከእምብርት በላይ ያለውን መነሣትና መውረድ መያዝ። እነ መነኩሴው ማሃሲ ሳያዶ በርማ ውስጥ ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

ትንፋሹ እየረቀቀ ሄዶ የጠፋ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ጀማሪው ይደነግጥና ሊያገኘው ብሎ ጎትቶ ይስባል፤ የረጋው ሁሉ ይበተናል። የቡድሂዝም ሊቁ ቡድሃጎሳ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው ቪሱዲማጋ በተባለው የተመስጦ መመሪያ መጽሐፍ የሚመክረው ቀላል ነው፦ የማይተነፍሱት በማሕፀን ያለ፣ ውኃ ውስጥ የሰጠመ፣ የሞተና መሰሎቻቸው ናቸው፤ አንተ ከእነዚህ አይደለህም፣ ስለዚህ ከቦታው አትነሣ፣ ሲነካ በነበረበት ላይ ቆይተህ ጠብቅ።

አሁን ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ችግሮች መድኃኒት መቀየር ነው፦ ቦታ መቀየር፣ ሲያስፈልግ ጨርሶ መተው፤ የሦስተኛው ግን በቦታው መቆየት። የኮርሱ ችግር 10 ሰዓቱ ሳይሆን ለሁሉም አንድ ቦታ፣ አንድ መመሪያ መሆኑ ነው ባይ ነኝ።

ኪዳኔ፦
ጋሽዬ፣ መመሪያው አንድ ቢሆንም መምህሩ ሰው ነው። በየቀኑ ከ6 እስከ 7 ሰዓት በግል ማነጋገር ይፈቀዳል፤ የተከለከለው ተማሪ ከተማሪ ማውራት ነው። ቦታ የማይቀያየርበትም ምክንያት አለው። ዛሬ አፍንጫ፣ ነገ ሆድ፣ ከነገ ወዲያ ደረት ያለ ሰው መሰልቸት በመጣ ቁጥር ይሸሻል። ጥርጣሬ ራሱ በቡድሂስቶች ዘንድ ከአምስቱ የተመስጦ መሰናክሎች አንዱ ተደርጎ ተቆጥሯል እኮ፤ ከምኞት፣ ከቁጣ፣ ከድብታና ከመቁነጥነጥ ጋር።

ጋሽ በፍቃዱ፦
ድብታን ካነሳህልኝ አይቀር። ደቀ መዝሙሩ ሞጋላና ሲያንቀላፋ ቡድሃ የሰጠው ምክር በጥንቶቹ የቡድሂስት መጻሕፍት አለ፦ ድብታውን ያመጣውን ሐሳብ ተው፤ ካልሆነ የተማርከውን በልብህ አውጣ አውርድ፤ ቃል አውጥተህ ድገመው፤ ጆሮህን ሳብ፣ እጅና እግርህን አሸት፤ ተነሥተህ ዓይንህን ታጠብ፣ ሰማዩን እይ፤ ብርሃንን አስብ፤ እየተመላለስክ ተራመድ፤ ሁሉም ካልሠራ በቀኝ ጎንህ ተኛ። አንዱ ካልያዘ ወደሚቀጥለው እለፍ ነው የሚለው። መሸሽ አላለውም። ማሃሲ ዘንድ አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ አንድ ሰዓት መራመድ ይፈራረቃል። በ10 ቀኑ ኮርስ ግን መራመድ ለዕረፍት እንጂ ለልምምድ አይሰጥም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሰው ከምሳ በኋላ በተከታታይ ሲቀመጥ የሚያንቀላፋው በስንፍና አይደለም።

ነጃት፦
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። የኮርሱ ደንብ ለ10 ቀን ጸሎት፣ መቁጠሪያ፣ ዕጣንና ጾም አቁሙ ይላል፤ መግቢያውም ላይ በቡድሃ፣ በዳማ (በትምህርቱ) እና በሳንጋ (በማኅበሩ) መጠጊያ የሚያደርግ ቃል ይደገማል። “ከየትኛውም ሃይማኖት የጸዳ” ተብሎ ሲተዋወቅ እንሰማለን። አምስት ወቅት ለሚሰግድ ወይም ሁዳዴ ላይ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምግቡ ሥጋ የለውም፣ ወተት ግን ሊኖረው ይችላል። ቅድመ ልምምድ ይጠየቅ አይጠየቅ ከማለታችን በፊት ይህ ከምዝገባ በፊት በግልጽ ይነገር።

ኪዳኔ፦
ተጽፏል እኮ፣ ደንቡ ከማመልከቻው ጋር ይሰጣል። ያላነበበው ሰው የማን ጥፋት ነው? የጸሎቱን ጉዳይ ግን አልከራከርሽም፤ መስገድ ያለበት ሰው ሌላ መንገድ ይምረጥ።

ሰብለ ወ.፦
ከጉልበትና ከእንቅልፍ የባሰ ነገርም አለ። በ2017 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ተመስጦ የሚያደርጉ ሰዎች የገጠሟቸው ከባድ ነገሮች 59 ዓይነት ሆነው በ7 ዘርፍ ተመድበዋል፤ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከራስ መራቅ፣ የማየት ለውጥ ይገኙበታል። ይህን በ10 ቀን ዝምታ ውስጥ፣ ከመምህሩ ጋር በጥቂት ደቂቃ ንግግር ብቻ ማን ይለየዋል?

ኪዳኔ፦
ያ ጥናት ችግር የገጠማቸውን ፈልጎ ያነጋገረ ነው። ዓይነቶቹን ያሳያል፣ ከመቶ ስንቱን እንደሚነካ አያሳይም። አብዛኞቹም ለዓመታት የቆዩ እንጂ ጀማሪ አልነበሩም፤ ያንቺ ሁለት ወር ስለዚህ አያድናቸውም ነበር። በዚያ ላይ ትንፋሽ ገር መንገድ ሆኖ ነው የተሰጠው። ቬሳሊ በምትባል ጥንታዊ የሕንድ ከተማ የአካልን ርኩሰት ሲያስቡ የነበሩ መነኮሳት ሕይወታቸውን ማጥፋት በጀመሩ ጊዜ ቡድሃ በምትኩ ያስተማራቸው ትንፋሽን ነው።

ሰብለ ወ.፦
ታሪኩን እስከ ጥግ አንብበው። እነዚያ መነኮሳት በዚያ አደጋ ላይ የወደቁት ቡድሃ ለግማሽ ወር ብቻውን ሲገለል፣ ምግብ ከሚያደርስለት በቀር ማንም እንዳይጠጋው ብሎ በነበረበት ጊዜ ነው። የሚከታተላቸው አልነበረም ማለት ነው። ያው የእኔ ነጥብ።

ዮናስ ዘ.፦
በዚህ ኮርስ ትንፋሽ መቁጠር ለምን እንደሚከለከል የሚነግረኝ አለ? ቪሱዲማጋ ከ5 ሳያንስ፣ ከ10 ሳይበልጥ ቁጠር ይላል።

ጋሽ በፍቃዱ፦
ምክንያቱም እዚያ ተጽፏል፦ ከ5 ቢያንስ ቦታው ጠቦት ሐሳቡ ይረበሻል፣ ከ10 ቢያልፍ ትንፋሹን ለቆ ቁጥሩን ይይዛል። ጎኤንካ የሚቃወመው ከቃልና ከምስል ጋር መያያዙን ነው፤ ያኔ አእምሮ የሚረጋው በቁጥሩ እንጂ በትንፋሹ አይሆንም በማለት። ለጀማሪ ቁጥሩን ብሰጠው እመርጣለሁ። ሲወጣ “አንድ”፣ ቀጥሎ ሲወጣ “ሁለት”፣ እስከ 10፤ ከጠፋበት ከአንድ ይጀምር። 17 ላይ ራሱን ካገኘው መኪና እየነዳ የተኛ ዓይነት ነው። ጥቂት ዙር ሳይስት ሲሞላ ቁጥሩን ይጣል።

ዮናስ ዘ.፦
እና ቁርጥ ያለ ነገር ንገሩኛ፣ ልግባ ወይስ አልግባ?

ሰብለ ወ.፦
ጉልበትህ ምቾት ከሌለው ወንበር ይፈቀድልኝ ብለህ አስቀድመህ ጻፍ። ወለል ላይ ከሆንክ ዳሌህ ከጉልበትህ ከፍ እንዲል ከሥርህ ትራስ ጨምርበት። ከተነሣህ በኋላም የማይለቅ የጉልበት ሕመም ካየህ ሰዓቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ። የጭንቀት ወይም የስሜት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ከሐኪምህ ጋር ሳትነጋገር አትመዝገብ፣ በራስህም አታቋርጥ።

ኪዳኔ፦
እስካሁን ካለችው ሁሉ የምስማማበት ይሄ ነው። ብቻ ሁለት ወር አትጠብቅ፤ ሁለት ሳምንት ተቀምጠህ ማመልከቻውን ላክ።

ነጃት፦
ሁዳዴ ከሆነ ግን ከፋሲካ በኋላ።