ድንች ሥር ነው ወይስ ግንድ? «የተዳቀለ» ስንልስ ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ አዲስ ተማሪ (ማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ መማር የጀመርሁ ተማሪ ነኝ። የሚያስቸግረኝ የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ከልጅነቴ ጀምሮ በቤት የማውቃቸው ቃላት በክፍል ውስጥ ሌላ ትርጕም ይዘው መምጣታቸው ነው። ድንች ግንድ ነው ተብለን ስንማር ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት፤ ማታ ለእናቴ ስነግራት ግን «ቆፍረን የምናወጣውን ሥራሥር እንዴት ግንድ ትይዋለሽ?» አለችኝና የምመልስላት አጣሁ። ቲማቲምና ቃሪያም ፍሬ ናቸው ይባላል፤ ቅዳሜ ገበያ ግን የሚሸጡት ከአትክልት ተራ ነው። ከሁሉ በላይ ያደናገረኝ «የተዳቀለ» የሚለው ቃል ነው። የበቆሎ ዘር የሚሸጠውም፣ የአቮካዶ ችግኝ የሚሸጠውም፣ በክፍል ስለ ጤፍ ያስተማሩንም ሁሉም «የተዳቀለ» ይላሉ። ሦስቱ አንድ ነገር ናቸውን? ቃላቱን ለፈተና ብቻ መሸምደድ ስለማልፈልግ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

እኅቴ፣ እናትሽ አልተሳሳቱም። «ሥራሥር» ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላውን ሁሉ የሚያጠቃልል የገበሬና የገበያ ቃል ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ግን አንድን ክፍል የሚሰይመው በተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን በአሠራሩና በሚያወጣው ነገር ነው። ግንድ በየአንጓው ቅጠል አለው፤ በቅጠሉ ብብት ውስጥም (ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ማዕዘን) ቅርንጫፍ የሚሆን እምቡጥ ይይዛል። ሥር እንዲህ ያለ አንጓ የለውም።

አሁን ከማጀት አንድ ድንች አንሥተሽ ዐይኖቹን በደንብ ተመልከቺ። እያንዳንዱ ዐይን ጎድጎድ ባለ ቦታ ላይ ነው፤ ከጎኑም እንደ ቅንድብ የቀጠነች ጭረት ታያለሽ። ያች ጭረት የቅጠል ምልክት ናት፤ ዐይኑ ደግሞ ቅርንጫፍ ለመሆን የሚጠብቅ እምቡጥ ነው። ዐይኖቹን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በጣትሽ ብትከተያቸው እንደ ማንኛውም ግንድ ቅጠሎች እየተጠማዘዙ የተሰለፉ መሆናቸውን ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ድንች ምግብ ያከማቸ፣ ያበጠ የመሬት ውስጥ ግንድ ነው። ስኳር ድንች ግን በስም ቢዛመደውም እውነተኛ ሥር ነው፤ ካሮትም እንዲሁ። ሽንኩርት ከሁለቱም ይለያል፤ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ብትሰነጥቂው ሥሮቹ ከሚወጡበት ሥፍራ ላይ ጠፍጣፋና ጠንካራ የሆነ ትንሽ ነገር ታያለሽ፤ ግንዱ እርሱ ብቻ ነው፤ ለወጥ የምንከትፈው የቅጠሎቹ ወፍራም መሠረት ነው።

የቲማቲሙ ጉዳይ አጭር ነው። ፍሬ ማለት ከአበባው ማኅፀን አድጎ ዘር የሚይዘው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ፍሬ ናቸው። አትክልት የሚለው ግን ስለ አጠቃቀምና ስለ አመራረት የሚናገር የሆርቲካልቸር (የአትክልትና የፍራፍሬ ልማት) ቃል በመሆኑ አንድ ቲማቲም ፍሬም አትክልትም ቢባል ግጭት የለበትም። የዱባ ሐረግ በአጥራችሁ ካለ ሴቴዋን አበባ ፈልጊ፤ ገና ሳትከፈት ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛለች፤ ወንዴው ግን በቀጭን አገዳ ላይ ብቻውን ይቆማል። ብናኙ፣ ማለትም የወንዴው አበባ ዱቄት፣ ከወንዴው ወደ ሴቴዋ መድረሱ ርክበ ብናኝ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በውስጥ የሚፈጸመው ውሕደት ደግሞ ፅንሰት ነው። ተማሪዎች ሁለቱን አዘውትረው ያምታታሉ። ብናኝ ያላገኘችው ሴቴ ትንሿ ዱባዋ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

የጤፍ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። አንዲት የጤፍ ቅንጣት የፍሬው ግድግዳና የዘሩ ሽፋን የተጣበቁባት ሙሉ ፍሬ ናት፤ ስለዚህ «የጤፍ ፍሬ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በሳይንሱም ትክክል ነው።

መልስ፦ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (አዘዞ)

«የተዳቀለ» ስለሚለው የኔን ድርሻ ልናገር። እኛ የተዳቀለ አቮካዶ የምንለው ግራፍት የተደረገውን ነው። ከዘር ያበቀልሁትን ችግኝ አንገቱን ቆርጬ መሐሉን እሰነጥቀዋለሁ፤ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ላይ የቆረጥሁትን ቀንበጥም በሁለት በኩል እንደ ሽብልቅ ጠርቤ በስንጥቁ ውስጥ አስገባለሁ። ዋናው ቁም ነገር ከልጣጩ ሥር ያለችው ካምቢየም የምትባል ስስ ሽፋን ከሁለቱም ወገን ቢያንስ በአንድ ጎን መገናኘቷ ነው። ከዚያ በፕላስቲክ አጥብቄ አስራለሁ። ሁለቱ አብረው ያድጋሉ እንጂ ደማቸው አይቀላቀልም፤ ከታች ያለው ያው የራሱ፣ ከላይ ያለውም ያው የእናቱ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለው ችግኝ በእንክብካቤ በ3 ወይም በ4 ዓመት ፍሬ ይጀምራል፤ ከዘር የበቀለው ከዚያ በጣም ይዘገያል፣ ፍሬውም እናቱን አይመስልም።

ስለዚህ ደንበኞች «የተዳቀለውን አቮካዶ በልቼ ፍሬውን ብተክለውስ?» ሲሉኝ አይሆንም እላለሁ። በቆሎውም እንዲሁ ነው፤ የተዳቀለ ዘር በየዓመቱ ይገዛል።

መልስ፦ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ

ወንድሜ ስለ ግራፍት የጻፈው በእጁ የሚያውቀው በመሆኑ የምጨምርበት የለም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን ለሁሉም ሰብል እንዳይወሰድ ማስተካከል ይገባኛል።

ቢኤች-660ን የመሰለው የበቆሎ ዘር የተመረጡ ወላጆችን በማዳቀል የተገኘ ዲቃላ ነው። ጉልበቱ የሚታየው በዚያው ትውልድ ነው፤ ምርቱን መልሶ የዘራ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ባዶ የሆነ ማሳ ያያል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ጤፍ ግን በራሱ ብናኝ የሚፀንስ ሰብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» ሁለት ጤፎችን በማዳቀል ቢጀመርም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ትውልድ እየተመረጠ ባሕርዩ እስኪጸና ድረስ ተጠብቋል። ስለዚህ ገበሬው ንጽሕናውን ከጠበቀ ከራሱ ምርት ዘር ሊያስቀር ይችላል። በዚህ ረገድ ገበሬዎች በየዓመቱ መግዛት አለባችሁ ተብለው ያለ ምክንያት ሲጨነቁ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው። ኑግ ደግሞ የጤፍ ተቃራኒ ነው፤ በራሱ ብናኝ ስለማይፀንስ ንብ ያስፈልገዋል፤ የደምቢያ ኑግ ሲያብብ ቀፎ በማሳው አጠገብ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይጠቀማል።

እንግዲህ ልጄ፣ «የተዳቀለ» የሚል ቃል በሰማሽ ጊዜ ሁሉ «ሁለት አካል ተጋጥሞ ነው ወይስ ብናኝ ተላልፎ?» ብለሽ ጠይቂ። ብናኝ ከሆነም «ባሕርዩ ጸንቷል ወይስ ገና የመጀመሪያ ትውልድ ነው?» በይ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሽንኩርቱን ከእናቴ ጋር ሰንጥቀን አየነው። መምህር፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ «ባለአንድ ክክ» እና «ባለሁለት ክክ» የሚባለውን ለመረዳት ሽምብራና ገብስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ከሽምብራው ሾል ያለ ነጭ ነገር ወጣ፤ ሥር ነው ወይስ ቡቃያ?

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

ሥር ነው፤ ዘሩ ውኃ ጠጥቶ ሲነቃ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ሽፋኑን ልጠሽ ሽምብራውን ለሁለት ክፈይው፤ ሁለቱ ግማሾች ለወጥ የምትሠሩት ክክ ራሱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው ትንሽ ነገር ፅንሱ ናት። ሽምብራ ሲከካ ያች ፅንስ ስለምትሰበር ክክ ቢዘራ አይበቅልም። ገብሱ ግን እንዲህ አይከፈልም፤ ክኩ አንድ ብቻ ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው የተከማቸው ከክኩ ውጭ ነው፤ ለጠላ ብቅል ስታበቅሉ የሚጣፍጠው እርሱ ነው። ከቻልሽ ሽምብራውንና ጥቂት አደንጓሬ አፈር በያዘ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ዝሪ። የሽምብራው ክክ ከአፈር በታች ይቀራል፤ አደንጓሬው ግን ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል።