የጀጎል በሮች 5 ናቸው 6?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ተማሪዎች ይዤ ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ላሳያቸው ነው። አንዱ ጽሑፍ በሮቹን 5፣ ሌላው 6 ይላል፤ ስማቸውም አይገጥምም። የቱን ላስተምር? በግማሽ ቀንስ በየት በየት ብንሄድ ይሻላል?

መልስ 1
አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ሲያሠሩ የነበሩት 5 ናቸው። 6ኛው፣ መኪና የሚገባበት ሰፊው ሐረር በር፣ ኋላ የተከፈተ ነው። ስሙ የሚያምታታው እያንዳንዱ በር በሐረሪ ቋንቋ ሌላ፣ በአማርኛ ሌላ ስለሚባል ነው። ሰሜኑ አሱም በሪ ፈላና በር ነው፤ ምሥራቁ አርጎብ በሪ ኤረር በር፤ ደቡብ ምሥራቁ ሱቁታት በሪ ሰንጋ በር፤ ደቡቡ በድሮ በሪ ቡዳ በር፤ ምዕራቡ አስመዲን በሪ ሸዋ በር። ሁለቱንም ስም ያስጽፏቸው። «በሪ» ራሱ በር ማለት ስለሆነ «አሱም በሪ በር» እንዳይሉ አደራ። ግንቡ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም ያሳዩአቸው፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቦቹ ማታ በዚያ ገብተው ጥራጊውን ይለቅማሉ።

መልስ 2
የግንቡ ዙሪያ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግማሽ ቀን ሁሉንም በር ልዙር ካሉ ልጆቹ ከድንጋይ በቀር ሳያዩ ይመለሳሉ፤ 2 በር ይበቃል። በሐረር በር ገብታችሁ ቀጥ ስትሉ ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ናችሁ፤ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነው። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ውረዱ። መኪና ግርግር የተባለው በልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ልጆቹን በ10 በ10 ይክፈሏቸው፤ በጅምላ ከገቡ ኋላ ያለው ምንም አይሰማም።

ራምቦ ቤት የሚባለውን ሙዚየም «ገጣሚው የኖረበት» ብለው እንዳያስተምሩ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በ1891 እ.ኤ.አ. ሞቷል፤ ቤቱን አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሙዚየሙ ግን መታየት አለበት።

መልስ 3
ከሁሉ በላይ ጌ ጋር፣ የሐረሪን ቤት፣ ሳያሳዩ እንዳይመለሱ። ውስጡ 5 ከፍ ያሉ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ የአባወራው ስለሆነ ልጆቹ ዝም ብለው እንዳይወጡበት አስቀድመው ይንገሯቸው። እንግዳ ጊድር ነደባ ላይ ይቀመጣል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል።