ለአንዷ መኪና ብቻ ሜተድ መጨመር እንዴት ነው?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአጎቴ ብሎኬት ማምረቻ የጭነት ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፍኩ ነው። «መኪና» የሚል ክላስ (የመኪኖቹ ሁሉ የጋራ ንድፍ) አለኝ፤ እያንዳንዷ መኪና ከእሱ የተሠራች ኦብጀክት ናት። 6 አይሱዙዎች አሉ፤ 5ቱ የሚከፈላቸው በጫኑት ብሎኬት ቁጥር ነው። የአንዷ ባለቤት ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ከአጎቴ ጋር በቃል ተስማምተው በቢያጆ ነው የሚከፈላቸው። ስለዚህ «ሒሳብ» የሚል ሌላ ፋንክሽን (ክፍያውን የሚያሰላ የኮድ ክፍል) ጻፍኩና እሷ ኦብጀክት ላይ ብቻ አስቀመጥኩት። ስጠራው አንድ አርጊውመንት ጎድሏል ይለኛል። የጎደለው ሴልፍ ነው፤ ማለትም ፋንክሽኑ የተጠራባት መኪና ራሷ። ክላሱ ውስጥ ያለው ፋንክሽን፣ ማለትም ሜተድ፣ እኮ ሴልፍን ራሱ ነው የሚያመጣው! እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተፋጥጠን አደርን። ምን ረሳሁ?

የለገጣፎው፦ ፓይተን ሴልፍን የሚያቀብልህ ፋንክሽኑን ክላሱ ላይ ሲያገኘው ነው። ኦብጀክቱ ላይ ካገኘው እንዳለ አውጥቶ ይሰጥሃል፤ የማን እንደሆነ አይነግረውም። «ታይፕስ» ከሚባለው ሞጁል ሜተድታይፕን አምጣ፤ ፋንክሽንን ከአንድ ኦብጀክት ጋር የሚያስር ነው። መጀመሪያ ፋንክሽኑን፣ ቀጥሎ መኪናዋን ስጠው። የሚመልስልህን መኪናዋ ላይ አስቀምጥ፣ አለቀ።

ጠያቂ፦ ሠራ! እግዜር ይስጥልኝ። የ4 ቢያጆ ሒሳብ አስገብቼ ልክ መጣ።

የሰበታው፦ እኔ የምሠራው በሩቢ ነው። እዚያ ሲንግልተን ሜተድ ይባላል፤ ማሰሪያ ሳያስፈልገው ይሄዳል። በፓይተን ግን አንድ ነገር ልብ በል። በሁለት የታች ሰረዝ ጀምረው በሁለት የሚያልቁትን፣ ለምሳሌ ርዝመት የሚነግርህ ሌን የሚጠራውን ሜተድ፣ ኦብጀክቱ ላይ ብታስቀምጠው ሌን አያየውም። የሚፈልገው ክላሱ ላይ ነው።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት መኪኖቹን ከዳታቤዝ ነው የምታነባቸው? እንግዲያው ያሰርከው ሜተድ የለም ማለት ነው። ዳታቤዙ የያዘው ታርጋና ቁጥር ብቻ ነው፤ ክላሱ አዲስ ኦብጀክት ይሠራልሃል። እኔ በዚህ ዘዴ የምጠቀመው ቴስት ስጽፍ ነው፤ ለዚያ እጅግ ጥሩ ነው። የሰው ገንዘብ ግን አላስይዘውም። የክፍያውን ዓይነት እዚያው ከታርጋው ጎን መዝግበው።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ ያልሽው ዛሬ ከሰዓት ደረሰ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሽማግሌው ሒሳብ በብሎኬት ወጣ። ደግነቱ ደብተራቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር፤ «ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አሉኝ። አሁን ሰንጠረዡ ላይ «ክፍያ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። «የቢያጆ መኪና» የሚል ንዑስ ክላስም ሠራሁ፤ ከዳታቤዝ ሲነበብ ዓምዱን አይቶ ይመርጣል። ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ከፈትኩት። ሁለቱንም ጊዜ ከደብተራቸው ጋር ገጠመ።